ስኳሩን ጠጥቶ የወጣው ጥሩንባ ነፊ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ አባቴ ግደይ አንድ ብርጭቆ ሙሉ የስኳር ውሃ ጠጥቶ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መስጠት የነበረበትን ደም ሳይሰጥ ከላብራቶሪው ወጣ። ምርመራው በዚያው ቀረ። ከእንግዲህም አያልቅም፤ ተመርማሪው በታኅሣሥ ሞቶብናል። አባቴ የስኳር በሽታ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ሰነድ አደራጅቶ በመጠበቅ ዲግሪ የያዝሁት ልጁ የምሰጠው መልስ የለኝም። ያሉኝ አምስት ቁጥሮች ናቸው። አምስቱም እርስ በርስ አይስማሙም።

አባቴ በእሪ በከንቱ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ነበር። በወጣትነቱ ከእንደርታ መጥቶ ሰፈሩ ውስጥ ቀረ። አዘቦት ቀን ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ አንድ የጫማ መደብር ጥግ ላይ ተቀምጦ ዣንጥላ ይጠግናል። ሰው ሲሞት ዣንጥላውን ጥሎ ጥሩንባውን ያነሣል። በሙታን ላይ እንጀራውን የጋገረ ሰው ስለሆነ አራዳ አልማረውም። ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች ሲያልፍ ሲያዩት «ጋሽ ግደይ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ገደሉ?» ይሉታል። እሱም ሳይቆም «አንተን ነበር የፈለግሁት፤ ቤትህ ብሄድ የለም አሉኝ» ብሎ ያልፋል።

እውነቱን ለመናገር ጥሩንባ አነፋፉ ይህን ያህል አልነበረም። የታመመ በሬ ድምፅ ነበረው። ችሎታው ስም አጠራሩ ላይ ነው። በእሪ በከንቱ ሰው በመታወቂያ ስሙ አይኖርም። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ እምሩ ያረፉ ጊዜ የእድሩ ሊቀመንበር ስማቸውን ከነአባታቸው በቴሌግራም ለጠፉ። ስሙ አንድ ፊደል አልተሳሳተም፤ ለቀብሩ ግን ሬሳ የሚሸከም ሰው እንኳ በመከራ ተገኘ፤ ምክንያቱም ሰፈሩ ሴትዮዋን የሚያውቃቸው እማማ ማኪያቶ ብሎ ነው። አባቴ ቢጠራ ኖሮ «ወይዘሮ ዓለምጸሃይ እምሩ፣ እማማ ማኪያቶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ይል ነበር። በዚያ ቀን እንዳይነፋ የተደረገው ቴሌግራሙ ይሞከር ተብሎ ነው።

ቴሌግራሙን ያመጡት ሊቀመንበሩ አቶ ሚናስ ገብረክርስቶስ ናቸው። ጡረታ የወጡ የቢሮ ኃላፊ ነበሩ። በስብሰባ ላይ ማንኛውንም ሐሳብ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» ብለው ስለሚያስቆሙ በሌሉበት ፍሬን ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከአባላቱ ብዙው ወደ ኮንዶሚኒየም ተበትኗል፤ ጥሩንባ ኮንዶሚኒየም ድረስ አይሰማም የሚሉት ነገር ልክ ነበር። አባቴን በምን ምክንያት እንደሚያሳርፉት ግን አላገኙም ነበር። ምክንያቱን ኅዳር ላይ አንድ ብርቱካን ሰጣቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ውስጥ አደባባዩ አጠገብ ድንኳን ተተክሎ ለአላፊ አግዳሚው ነጻ የስኳር ምርመራ ይደረግ ነበር። አባቴ ከአንድ ለቅሶ ቤት ሲወጣ ተሰለፈ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ለሐዘንተኞቹ ብርቱካን ሲልጥ ነው ያረፈደው። ነርሷ ጣቱን በአልኮል ጠረግ አድርጋ ወጋችው፤ መሣሪያው ሁለት መቶ አርባ ሦስት አለ። ነርሷም ጮክ ብላ ደገመችው። ከኋላው የተሰለፉት አቶ ሚናስ ነበሩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አቶ ሚናስ ጉዳዩን በሐዘኔታ አነሡት። የስኳር በሽተኛ እግሩ ከቆሰለ አይድንለትም፤ እድሩ አንድን ታማሚ በዳገት በቁልቁለት ማንከራተት አይገባውም፤ ስለዚህ ግደይ ለራሱ ሲል ይረፍ። ጤነኛ ነኝ ካለ ከሐኪም ወረቀት ያምጣ፤ ወረቀቱም ለእሳቸው በእጃቸው ይሰጥ። አባቴ ተቀመጠ። እግሩ አላሳሰበውም። ማታ ራት ላይ እናቴ ንግስቲ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «እዚህ ከተማ ውስጥ ስሜን የሚያውቀው ሰው የሞተበት ብቻ ነው። ጥሩንባውን ከተቀበሉኝ ዣንጥላ ነኝ» አላት። እናቴም፣ ባይሆን ዣንጥላ ሰው ይፈልገዋል፣ አንተን ግን ሲያይህ ሰው ያማትባል አለችው። ሌሊቱን ግን እሷም አልተኛችም።

ወደ ፍዮሪ የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ፍዮሪ ወደ ውቤ በረሃ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ላብራቶሪ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ያደገችው ሰፈራችን ነው፤ የእናቷንም ሞት የለፈፈው አባቴ ነው። ታሪኩን ሰምታ መጀመሪያ የጠየቀችው እጁን በሳሙና ታጥቦ እንደነበር ነው። አልታጠበም። የጣት መሣሪያ ጣት ላይ ያገኘውን ሁሉ ይቆጥራል፣ የፍራፍሬ ስኳር ደግሞ በአልኮል ጠረግ ስላደረጉት አይለቅም አለችው። አባቴ ከላብራቶሪው እየሳቀ ወጣ። ስኳር ያለበት እሱ ሳይሆን ብርቱካኑ ነው ብሎ በዚያው ቀን ፒያሳን አዳረሰ።

ፍዮሪ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ አስጠርታ ከክንዱ ደም ወሰደች። መቶ አሥራ ስምንት። ጤነኛ ከሚባለው ይበልጣል፤ በሽታ ከሚባልበት ከመቶ ሃያ ስድስት ያንሳል። አባቴ አልፌያለሁ አለ። ፍዮሪ ይህ ቁጥር የዚያን ጠዋት ብቻ እንደሚያሳይ ልታስረዳው ሞከረች። ወሩ ሁዳዴ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ነው።

«ጋሽ ግደይ፣ ይሄ እኮ ሰካራምን በስቅለት ጠዋት አፉን አሽትቶ አይጠጣም እንደማለት ነው» አለችው።

ስለዚህ ሦስተኛው ምርመራ መጣ። ሰው ሁሉ የሦስት ወር የሚለው ነው፤ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተለጠፈውን ስኳር ስለሚለካ የአንድ ቀን ጾም አያታልለውም። ስድስት ነጥብ ሰባት ሆነ። ስድስት ነጥብ አምስትና ከዚያ በላይ በሽታ ነው። ነገር ግን ያው ደም ሌላም ነገር ተናገረ፤ አባቴ ደም ማነስ ነበረበት፤ ብረት ጎድሎታል። ወረቀቱን እንዲፈርም የተጠየቀው ሐኪምም ብረት ሲጎድል የሦስት ወሩ ቁጥር ያለ ስኳር ጥፋት ከፍ ሊል ይችላል፤ በዚህ ብቻ በሽተኛ ነው ብዬ አልፈርምም አለ።

ከዚያ በኋላ አባቴን የቻለው የለም። የተሰበረ ዣንጥላ ይዞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሽቦው እስኪታሰር ድረስ ስለ ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ ትምህርት ይወስዳል። አንድ የባንክ ሠራተኛ ዝናብ እየወረደ ዣንጥላውን ሳይወስድ እንደሄደ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ጠቀለለችው፤

«አንዱን ብርቱካን አደረገው፣ አንዱን ሁዳዴ አደረገው፣ አንዱን ብረት አደረገው። እስካሁን ያልተከሰሰው ስኳር ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ያዘዘው የመጨረሻው ዳኛ የስኳር ውሃው ነበር። ሰውዬው ምንም ሳይቀምስ ይመጣል፤ ደም ይሰጣል፤ የተመጠነ ስኳር በውሃ ይጠጣል፤ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ እንደገና ደም ይሰጣል። ሁለተኛው ደም ሁለት መቶ ከደረሰ ስኳር ነው። ሰውነት የመጣበትን ስኳር እንዴት እንደሚያስተናግድ ፊት ለፊት ስለሚያሳይ የጾም ጠዋት ያመለጠውን ይይዛል። ጉዳቱ ጊዜ መውሰዱና ሰውን መቀመጫ ላይ ማሰሩ ነው። አባቴ በሁዳዴ ጠዋት ስኳር አልጠጣም አለ። የንስሐ አባቱ መድኃኒት ነው ብለው ቢፈቅዱለትም፣ ከቄሱ በልጦ ጾመኛ ሆነ። አቶ ሚናስም ከፋሲካ በኋላ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ ጊዜ ሰጡት፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ካልመጣ ጥሩንባው ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይገባል።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሄደ። የመጀመሪያው ደም መቶ ሃያ አንድ ሆነ፤ ይህ አራተኛው ቁጥር ነው። ውሃውን ጠጣ፤ ፊቱን አጨማድዶ የቀለጠ ኬክ ነው አለ። ፍዮሪ እንዳይራመድ፣ ውጭም እንዳይወጣ አስጠንቅቃ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። በሕይወቱ ሰው ሳይሞት ያን ያህል የተቀመጠ አይመስለኝም። አጠገቡ ለነበሩት በሽተኞች የእያንዳንዳቸውን ሰፈርና የእድር ስም ሲጠይቅ ሰዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ጥግ ሸሹ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ እናቴ ደወለችለት። አቶ ሚናስ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ወድቀው እዚያው አርፈዋል። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ቴሌግራሙ ላይ መልእክት የመለጠፍ ሥልጣን ያላቸው ደግሞ አቶ ሚናስ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዳያበላሸው ብለው ለማንም አልሰጡም። ስልኩ ተቆልፏል፤ ቁልፉን ባለቤታቸውም አያውቁትም። ሊቀመንበሩ የገዛ ሞታቸውን ይዘው ሄዱ ማለት ነው።

አባቴ ተነሣ። ፍዮሪ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ግደይ፣ አሁን ከወጡ ምርመራው ይበላሻል።»

«የኔ ይበላሽ። የሰውዬው ቀብር ይበላሽ?»

«ወረቀቱን ያሉት እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

«እሳቸው ናቸው፤ አሁን ማን ሊቀበለኝ ነው?» አለና በእጇ ሥር ሾልኮ ወጣ።

ሆዱ ውስጥ ያን ሁሉ ስኳር ይዞ እሪ በከንቱን ከላይ እስከ ታች ወረደው። ከዚያ ወደ ውቤ በረሃ ወጣ፤ ከዚያ እንደገና ወረደ። አጠራሩን ብዙ ሰው ስለነገረኝ ቃሉን እርግጠኛ ነኝ። «አቶ ሚናስ ገብረክርስቶስ፣ ፍሬን፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ አረንጓዴው በር» ነው ያለው። ያንን ስም የሟቹ ቤተሰብ በሚሰማበት ቦታ ማንም አንሥቶት አያውቅም ነበር። አባቴ አረንጓዴው በር ፊትም ቆሞ ያንኑ ደገመ። ጎረቤቶቹ መሬት ብትውጠን አሉ። በዘጠኝ ሰዓት ግን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ።

ከቀብር በፊት ላብ በላብ ሆኖ ወደ ፍዮሪ ተመልሷል። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ እሷም የክንዱን ደም አልወስድም አለችው። ለመናት፤ እጁን በሳሙና አስታጥባ ጣቱን ወጋችው። መቶ ሠላሳ አንድ። ለማንም እንዳይናገር፣ ቁጥሩም ምንም ማለት እንዳልሆነ ነገረችው። የሰማው ቁጥሩን ብቻ ነው።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ምክትሉ አቶ ገብረዮሐንስ ነገሩን አነሡት። ሐዘን ላይ መነሣቱ ደስ ባይልም ኮሚቴው ሁሉ የተገኘው እዚያ ነበር። ሟቹ የጠየቁት ወረቀት ወዴት ደረሰ አሉ። አባቴ ቆሞ፣ ስኳሩን ጠጥቼ ከጠጣሁም በኋላ መቶ ሠላሳ አንድ ነኝ፤ ልጅቷ እዚህ አለች፤ ጠይቋት አለ። ፍዮሪ ለለቅሶ መጥታ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባቴ ፈገግ አለላት፤ የእናቷን ሞት የለፈፈ ሰው ውለታውን ሲጠብቅ የሚያሳየው ፈገግታ ነው።

«ቁጥሩን እኔ ነኝ ያነበብሁት» አለች ፍዮሪ። «ግን የምርመራው ቁጥር አይደለም። ስኳር ጠጥቶ ዳገት ቁልቁለት የወጣ ሰው ቁጥር ነው። ስኳሩን ጡንቻው በልቶታል። ተቀምጦ ቢቆይ ስንት ይሆን ነበር ካላችሁኝ አላውቅም። የሦስት ወሩ ያስጠረጥራል። ጤነኛ ነው ብዬ ግን አልዋሽላችሁም።»

አባቴ ተቀመጠ። አቶ ገብረዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከፍራሹ ላይ፣ ከሐዘንተኞቹ መሃል፣ የሟቹ ባለቤት እትዬ ሰርክአዲስ ቀና አሉ።

«ፍሬን ብሎ የጠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ አባቴ።

«እኔ ከተጋባን ጀምሮ እቤት ውስጥ የምጠራው በዚያ ነው» አሉ። «ሰፈሩም ያውቃል ለካ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ሊያጽናናቸው ሲነሣ እየሳቁ እንደሆነ ታወቀ። ሲበርድላቸው፣ የታችኛው መንደር ሰው ሚናስ ገብረክርስቶስን በምን ያውቀዋል፣ ፍሬን ሞተ ቢባል ነው እንጂ የመጣው አሉ። ከዚያ ወደ ፍዮሪ ዞረው፣ ስኳር ያለበት ሰው መራመድ ይከለከላል ወይ ብለው ጠየቋት።

«እንዲያውም ይታዘዝለታል» አለች። የአባቴን የኮንጎ ጫማ አየት አድርጋም «በዚህ ጫማ አይደለም እንጂ» አለች።

ውሳኔው በዚህ ተሰጠ። ጥሩንባው አባቴ ጋ ይቆይ፤ ጫማ ይቀይር፤ ምርመራውን ከሟቹ አርባ በኋላ ተቀምጦ ይጨርስ። አባቴ እሺ አለ። ለፍዮሪ ግን ለብዙ ሳምንት ሰላምታ አልሰጣትም።

ጫማውን ቀየረ። ከአርባው በኋላ ግን ክረምት ገባ፤ ክረምት የዣንጥላ ወቅት ነው። ከዚያ ፍልሰታ መጣ፤ ፍልሰታን እንደ ሁዳዴ ቆጠረው። ከዚያ አዲስ ዓመት፣ ከዚያ መስቀል። ፍዮሪ ከላብራቶሪዋ በር ላይ ስትጠራው በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ። እኔ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አስይዤለት ሦስቱንም ጊዜ ሰው ሞተ። አንዱን ሟች እሱ እንዳልገደለው ለማረጋገጥ ለቅሶው ቤት ድረስ ሄጃለሁ። ሁለት ሰዓት መቀመጥ ብቻ ነበር። እያደር ቁጥሩን የሚጠይቀውም ጠፋ፤ ጥሩንባው ደግሞ እጁ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 17 ቀን ጠዋት አልነቃም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ስኳር ነበረበት ወይ ብዬ ብጠይቀው «ሊሆን ይችላል» አለ። በሥራዬ «ሊሆን ይችላል» የሚባል ነገር መደርደሪያ የለውም።

ጥሩንባ የነፋለት የለም፤ ማን ይንፋለት። አዲሱ ኮሚቴ ቴሌግራም ላይ «አቶ ግደይ ሃፍቶም» ብሎ አወጣው። አንድም ስሕተት የለበትም። ከቀብሩ በኋላ ለሳምንት ያህል በቅጽል ስሙ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች እየመጡ ጋሽ መርዶ ሞቶ እንዴት አትነግሩንም ብለው ተቆጡን። ይቅርታ ስንጠይቅ ሰነበትን።

የሞተው ዓርብ ነው። ሐሙስ ዕለት የሠራውን ሥራ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የእድሩ የወር ስብሰባ እሁድ ነበር የሚውለው፤ እሁዱ ገብርኤል ሆነና ለሚቀጥለው እሁድ ተላለፈ። ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፤ አባቴ ግን ቴሌግራም የሌላቸውን አሮጊቶች ቤት ለቤት ሊነግር ወጣ። ጥሩንባ አልያዘም፤ ለስብሰባ ጥሩንባ አይያዝም። የመጨረሻዋ እትዬ ምብራት ነበሩ፤ ጆሯቸው ከብዷል። በሩ ላይ ሲያዩት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። ማንም አልሞተም አላቸው። አላመኑትም፤ የሞተችው እህታቸው እንደሆነች ይንገራቸው ዘንድ ለመኑት። ተቀምጦ፣ ትግርኛም አማርኛም እየተናገረ፣ እህታቸው ዘንድ ደውሎ ድምፅዋን እስኪያሰማቸው ድረስ ቆየ። ከዚያ ሻይ አፈሉለት። ስኳር ስንት ማንኪያ እንዳደረገበት ጠይቄያቸው ነበር፤ አላስታውስም አሉኝ።

ሻዩን ጨርሶ ስብሰባው በሚቀጥለው እሁድ እንደሆነ እንደገና ነገራቸው። እሳቸውም ደገሙለት። ቀኑን በትክክል መያዛቸውን አይቶ ተነሣ፤ ውሻው እንዳይወጣ የግቢውን በር ሳበና ዘጋው።